ያልነካሁት ሰይፍ

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12 ቀን፣ ረፋድ ላይ
ከሥራ ክፍሌ

ለምወድሽ ልጄ፤

ጽሕፈት ያስተማሩኝ መምህር አንዲት ፊደል ባጋደለችብኝ ቁጥር መቶ ጊዜ ያስጽፉኝ፣ በማስመሪያም ጣቶቼን ይመቱኝ ነበር፤ አላለቀስኩም። በዐሥራ አራት ዓመቴ ብረት ማለስለሻ ቤት ገብቼ ሠላሳ ስድስት ዓመት ከማለስለሻው መንኰራኩር ፊት ቆሜያለሁ፤ የመዳብ ብናኝ ከምራቄ ጋር አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ለማንም አልተናገርኩም። መንኰራኩሩ የግራ አውራ ጣቴን ጥፍር ይዞት በሄደ ዕለት እጄን በጨርቅ ጠቅልዬ የጀመርኩትን የበር እጀታ ጨርሻለሁ። እናትሽ ስታርፍ አንቺ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርሽ፤ ጠጉር መጐንጐን ከታች ቤት ልብስ ሰፊዋ ተምሬ፣ ጠዋት ጠዋት ራስሽን ጐንጉኜ ሥራ እገባ ነበር። ጣሪያው ሲያፈስ፣ ደረቴ ሲታፈን፣ አለቃዬ በሰው ፊት ሲያዋርደኝ፣ «ወይኔ» የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም።

ይህን የምዘረዝርልሽ እንድታዝኚልኝ አይደለም። ይህን ሁሉ የቻለ ሰው አንድ ጣት የማያህል ወታደር መቻል እንዳቃተው እንድታውቂ ነው።

ያን ወታደር አትረሺውም። ከቆርቆሮ ቀልጦ የተሠራ፣ ከአንገቱ እስከ ጉልበቱ የብረት ጥሩር የለበሰ፣ ጋሻውን በግራ ክንዱ፣ ሰይፉን በቀኝ እጁ የያዘ። እኔ ከማለስለሻ ቤቱ ከወጣሁ በኋላ እንዲህ ያሉትን ምስሎች እየቀባሁ ስኖር፣ አንቺ ከጠረጴዛዬ ጥግ ተቀምጠሽ ነው ያደግሽው። ሕጌንም ታውቂዋለሽ። ብረት የሚገለጸው በብረት ነው፤ የብር ዱቄት ከቫርኒሽ ጋር ይቀላቀላል፣ ይቀባል፣ አለቀ። ዕድሜውን ሙሉ ብረት ሲያበራ የኖረ ሰው ስለ ብረት ከማን ይማራል?

አንድ ቀን ግን ብሩሽሽን አስቀመጥሽና፣ «አባባ፣ ዱቄቱ እኮ ይህን ለሚያህል ትንሽ ሰው ይገዝፍበታል፤ ጥሩሩ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል» አልሽኝ።

«እና በምን ልትቀቢው ነው? በጭቃ?»

«ጭቃም ይገባበታል። ሰይፍ መስተዋት ነው አባባ። መስተዋት የራሱ ቀለም የለውም፤ ከላይ ሰማዩን፣ ከታች አፈሩን ነው የሚያሳየው። ግራጫ፣ ደብዛዛ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ ጫፉ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ። ጨለማውንና ነጩን ጎን ለጎን ካጋጠምኳቸው ያበራል።»

«ብርሃን ይቀባል እንዴ?»

«እርስዎስ ዱቄት ይቀቡ የለ?»

ልብስ ሰፊዋ የተጠጋገነ ኮቴን ልትሰጠኝ መጥታ በር ላይ ቆማ ነበር። ሳቋን ለቀቀችው። ያ ሳቅ ከጥፍሬ ይልቅ አመመኝ።

ምስሉን ከእጅሽ ወስጄ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። «ይኸው! የእውነት ብረት ሲያዞሩት ብርሃኑ አብሮ ይሄዳል። ያንቺው ተቸንክሮ ቀርቷል። ውሸት ነው።» አንቺም፣ «መደርደሪያ ላይ የሚቆምን ወታደር ማን ያዞረዋል?» አልሽ። እኔም ምስሉን ወደ እጅሽ መልሼ በቁጣ ተናገርኩ።

ሰባት ሳምንት ፈጀሽበት። ከዚያ ለፈተና ወደ ሌላ ከተማ የምትሄጂበት ቀን ደረሰ። «ሐሙስ የቀቢዎች ውድድር ወደሚካሄድበት ኤግዚቢሽን ይውሰዱልኝ፤ እስከዚያ ቀለሙ ይድረቅበት። አባባ፣ አደራ፣ አይንኩት» አልሽኝ። «እሺ» አልኩ። እሺ ያልኩት በቀጥታ ዓይንሽን እያየሁ ነው።

ሰኞ ጠዋት የሥራ ክፍሉን በር ስከፍት ከደፉ ላይ ቆሜ አየሁት። ልጄ፣ የእውነት ብረት መሰለኝ። እኔን! ብረትን በጠረኑ ሳይቀር የማውቀውን ሰው! ሁለት እርምጃ ቀርቤ ቀለም መሆኑን እስካይ ድረስ ልቤ አመነው። ከዚያ የብር ዱቄቱን በጠበጥኩ። የራስ ቁሩን፣ ጥሩሩን፣ ጋሻውን ሸፈንኳቸው። የአንቺ ሰባት ሳምንት ለእኔ አርባ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ሰይፉን ግን አላገኘሁትም። ለብቻው እንዲደርቅ በመርፌ ቡሽ ላይ ሰክተሽ ከመጋረጃው ጀርባ መስኮቱ ደፍ ላይ አኑረሽው ኖሯል። ያየሁት ሐሙስ ጠዋት ልወጣ ስል ነው። ዱቄት ብቀባው ቫርኒሹ የሚደርቅበት ጊዜ ስላልነበረ እንዳለ አጣበቅኩት። ከመቆሚያው ሥር ደግሞ የራሴን ማኅተም መታሁበት። በማለስለሻ ቤት ሥራ፣ የመጨረሻውን እጅ ያሳረፈ ሰው ያትማል፤ ስምም ተጠያቂነትም የእሱ ነው። ሕግ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ያ ሕግ ግን የወጣው ለበር እጀታ ነበር።

ከሦስቱ ዳኞች አንደኛዋ፣ በአንገቷ ማጉያ መነጽር ያንጠለጠለች ወይዘሮ፣ ከወታደሩ ፊት ቆማ ቀረች። መብራቱን ወደ ግራ አስጠጋችው፤ ወደ ቀኝ መለሰችው። ከዚያ ቀና ብላ፣ «ጥሩሩስ የማንም ጥሩር ነው። ይህ ሰይፍ ግን ከየት እንደሚያበራ ለማወቅ መብራቱን ሁለት ጊዜ አንቀሳቀስኩ። የማን እጅ ነው?» አለች።

«የእኔ» አልኩ።

አንዲት ቃል ናት። ፊደሎቿ ሦስት ናቸው፤ አንዷም አላጋደለችብኝም።

አንቺ ቅዳሜ ስትመለሺ ሜዳሊያው ከወታደሩ አጠገብ ነበር። ለረጅም ጊዜ አየሽው። «ጥሩሬስ?» አልሽ። «አስተካከልኩልሽ» አልኩ። «እንግዲያው ዳኞቹ የእርስዎን ወደዱ ማለት ነው።» ያኔ እውነቱን ለመናገር ጊዜ ሰጥተሽኝ ነበር፤ ብሩሾችሽን አንድ በአንድ እስክታጥቢ ድረስ ጠበቅሽኝ። ብሩሾቹ ንጹሕ ነበሩ። እኔም፣ «ወደዱ» አልኩሽ።

በወሩ ወደዚያው ከተማ ሄድሽ። ከዚያ በላክሽው የመጀመሪያ ደብዳቤ፣ «ዱቄቱ እንደሚበልጥ ገብቶኛል፤ ሰይፉን ብቻ ሳይነኩ ስለተዉልኝ ግን አመሰግናለሁ፤ እሱን እንደወደዱልኝ ቆጥሬዋለሁ» ብለሽ ጻፍሽ። ያን ወረቀት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ልጄ፣ አልተውኩልሽም። ባየው ኖሮ እሱንም እሸፍነው ነበር። ዳኞቹም የወደዱት የእኔን አይደለም፤ በውሳኔያቸው ላይ «ሽልማቱ ለሰይፉ ብቻ የተሰጠ ነው፤ የጥሩሩ አቀባብ የተለመደ ነው» ብለው ጽፈዋል። ያን ውሳኔ መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፌ፣ አንቺ ተሸንፌያለሁ ብለሽ መድን ድርጅት ውስጥ ቅጽ ስትሞዪ ዘጠኝ ዓመት ዝም ብዬ አየሁ። ባለፈው ዓመት፣ «ብሩሽ አያያዙም ጠፍቶኛል» ብለሽ ስትስቂ በስልክ ሰማሁሽ። አብሬሽ ሳቅኩ።

ባለፈው ወር የከተማችን ሙዚየም ኃላፊ መጣ። ወታደሩን በቋሚነት ሊያስቀምጡት፣ በሥሩም ስሜን በሰሌዳ ሊጽፉ ፈልገዋል። «በምረቃውም ላይ ሰይፉ እንዴት እንደተቀባ ለዐሥር ቀቢዎች ያሳዩልን» አለኝ። ሁለት ሳምንት ስጠኝ ብዬ በሬን ዘጋሁ።

ዐሥራ አንድ ሰይፍ ቀባሁ። ግራጫውን አውቃለሁ፣ ሰማያዊውን አውቃለሁ፣ ነጩንም የት እንደማስቀምጥ ነግረሽኛል። አንዱም አላበራም። ልብስ ሰፊዋ ገብታ አንዱን በሁለት ጣቷ አነሣችው።

«ጌታው፣ ይሄ ሰይፍ ነው ወይስ የታጠበ ካልሲ?»

«ብረት ነው።»

«እንግዲያ ብረቱ ታሟል» አለች፤ አስቀመጠችውና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለምን ባለቤቷን አይጠይቋትም?» አለችኝ።

«የምኑን ባለቤት?»

«ኧረ ይተዉኝ! ስትቀባው በር ላይ ቆሜ እመለከት አልነበረም እንዴ? እርስዎ እስኪናገሩ ነው የጠበቅኩት።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ?»

«ልብስ እየሰፋሁ ነዋ። ሥራ አልፈታሁም።»

ትናንት ሙሉ ልብሴን ለብሼ፣ ወታደሩን ይዤ ወደ ሙዚየሙ ሄድኩ። ኃላፊው ወንበር ሰጠኝ፤ አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። ሰውየው መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ታዲያ ሰሌዳው ላይ ማንን እንጻፍ?» አለ። ስምሽን ፊደል በፊደል ነገርኩት። «ጥሩሩንስ ምን እንበለው?»

«በአባቷ እጅ የደረሰ ጉዳት በሉት።»

«እንዲህ ብለን እንጻፍ? ጉዳት?»

«ጉዳት ብላችሁ ጻፉ» አልኩት። አመነታ፤ ቢሆንም ጻፈው።

ምስሎችን የሚያድስ ባለሙያ አላቸው። የብር ቅቡን ከላይ ማንሣት ይቻላል አለ፤ ሆኖም ከሥሩ ያለው ያንቺ ቀለም አብሮ ሊነሣ ይችላል፤ ምን ያህሉ እንደሚተርፍ ማንም አያውቅም። እንዲነካም እንዳይነካም የሚፈቅደው የሠራው ሰው ብቻ ነው። እኔ አንድ ጊዜ ያለፈቃድሽ ነክቼዋለሁና አፌን ዘጋሁ። መልስሽን በጽሑፍም መስጠት ይቻላል ብለዋል። ባለሙያው ግን፣ ባለቤቷ በዓይኗ አይታ ብትወስን ይሻላል አለ። ይህን ያለው እሱ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ቀኝ እጄ ጠዋት ጠዋት ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ይህን ደብዳቤ ረፋድ ላይ የምጽፈው ለዚያ ነው። የክፍሉን መስኮት አጥቤያለሁ፤ መጋረጃውን አውርጄዋለሁ። ቁልፉ ልብስ ሰፊዋ ዘንድ ይገኛል፤ በማንኛውም ሰዓት ብትመጪ ትከፍትልሻለች።

ይቅር በይኝ ብዬ አላስገድድሽም፤ ይቅርታ እንደ ቫርኒሽ በቀን አይደርቅም። ፈጣሪ እጆችሽን ይባርክ፤ ዓይንሽን ከመደንገዝ ይጠብቅ፤ በምትቀመጪበት ሁሉ የጠዋት ብርሃን አይጥፋብሽ። የምትወጃቸው ሰዎች ሥራሽን አይተው እውነቱን የሚነግሩሽ ይሁኑ።

የምሰጠውን በግልጽ ልጻፍ። የብር ዱቄቱን ከነቆርቆሮው ለልብስ ሰፊዋ ሰጥቻለሁ፤ የግቢዋን በር ትቀባበታለች። የዳኞቹ ውሳኔ ከዚህ ደብዳቤ ጋር በፖስታው ውስጥ ነው፤ የአንቺ ነው። ሜዳሊያውም የአንቺ ነው። የሥራ ክፍሉን ከነጠረጴዛው፣ ከነማጉያ መነጽሩና ከነብሩሾቹ በምስክር ፊት አስጽፌ ለአንቺ አውርሻለሁ፤ ለመረከብ ሞቴን መጠበቅ አያስፈልግሽም፤ ከዛሬ ጀምሮ ነው። ወታደሩም፣ የተበላሸውም ያልተበላሸውም፣ የልጄ ነው።

አባትሽ