የማይዘጋው ሰኔ

ለክቡር አቶ ነገሪ፣
የፍራሽ ፋብሪካችን ሥራ አስኪያጅ፣
ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር

ክቡርነትዎ ከነመላው ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ፈጣሪ ይመስገን፣ ወንበር ካጎበጠው ወገቤ በስተቀር ደህና ነኝ። ከሥራ ስሰናበት ንግግር እንዳደርግ ስላልተጋበዝኩ፣ ምስጋናዬን በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ መለጠፌን በትሕትና እገልጻለሁ።

አንደኛ፦ ከሒሳብ ክፍል ወደ ሽያጭና ገበያ ጥናት ልዛወር ብዬ ባመለከትኩ ቁጥር «ሰኔ ይዘጋና እናያለን» እያሉ ስላስተናገዱኝ አመሰግናለሁ። የበጀት ዓመቱ በሰኔ መጨረሻ ሲዘጋ ኦዲተር ይመጣል፣ ኦዲተሩ ሲሄድ ግብር ይደርሳል፣ ከግብሩ ፋታ ሳናገኝ ሌላ ሰኔ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አገራችን የአሥራ ሦስት ወር ባለቤት ናት ሲባል እሰማ ነበር፤ እርስዎ ቢሮ ግን ያለው አንድ ወር ብቻ መሆኑን ተረድቻለሁ።

ሁለተኛ፦ «የሒሳብ ሰው ከደንበኛ ጋር መግባባት አይችልም» ብለው ጠባዬን ስላስረዱኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። የሒሳብ ሰው ነች ተብዬ የመሥሪያ ቤቱ የሠርግና የለቅሶ መዋጮ ሰብሳቢ ያደረጉኝም እርስዎ ነዎት። ወር ሊያልቅ ሲል ከመጋዘን ሠራተኞች ኪስ መዋጮ አውጥታ ተመርቃ የምትመለስ ሴት፣ ፍራሽ መሸጥ አያቅታትም ብዬ መገመቴ ድፍረት ነበር፤ ይቅርታ።

ሦስተኛ፦ ሀና ማርያም ኮንዶሚኒየም የገቡ ሰዎች ትልቁ ፍራሻችን በደረጃው አልወጣ እያላቸው እንደሚመልሱት፣ መካኒሳ አቦ ሱቆች ያሏቸው ትልቋ አከፋፋያችን ወይዘሮ ዙሌካ ነገሩኝ። እኔም የሚታጠፍ ፍራሽ እንድናመርት እቅድ አወጣሁ። እርስዎም ወደዱትና በስብሰባ ላይ የሽያጭ ክፍሉ አቶ ኢያቄም እንዲያቀርበው አደረጉ፤ ምክንያቱም እርሱ ከረባት ያምርበታል። ተጨበጨበለት፣ እኔም አጨበጨብኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ይህን እንኳ በቀልድ ልጽፈው ሞክሬ አልሆነልኝም።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ «አንቺን የሚተካ የለም» እያሉ ዝውውሬን ያስቀሩበት ሙገሳዎ ነው። የቅርብ ጸበል ልጥ ይራስበታል ይባላል፤ ሥራዬን ትንሽ ባበላሽ ኖሮ ዛሬ የት በደረስኩ! ቁልፉን ለባልደረባዬ ለሀና አስረክቤያለሁ። ጎበዝ ልጅ ነች፤ ስለዚህ በጣም አዝንላታለሁ።

ቢሮዎን ሰላም፣ ወንበርዎን ምቹ ያድርግልዎ እያልኩ፣ በእርስዎ ቸርነት የሰኔን ርዝመት ጠንቅቄ ያወቅሁት፣
ጸደንያ አስረስ
የቀድሞ ሒሳብ ሠራተኛ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ዙሌካ የሱቆቻቸው የንግድ እቅድ ኃላፊ አድርገው ቀጥረውኛል። ለሚቀጥለው ዓመት የፍራሽ አቅርቦት ውሉ ይታደስልን ሲሉ እርስዎ የጻፉላቸው ደብዳቤ አዲሱ ጠረጴዛዬ ላይ ደርሷል። በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ሰኔ ይዘጋና እናያለን።