ጠዋት ጠዋት ምን ታደርጋላችሁ?

ለምወድሽ እትዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ባለቤትሽና ልጆቹስ ደህና ናቸው? ጉንፋኑ ለቀቀሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ መኪና ሲያጮኹ ጆሮዬን መድፈኔ እንዳለ ነው፣ ሌላው ሁሉ ሰላም ነው።

የካርታ ሥራ ትምህርት ቤቱ ተቀብሎኛል። ከተማው ሩቅ ስለሆነ እዚያው መኖር አለብኝ፤ ወደ ጓሮ የሚያይ ጸጥ ያለ ክፍል ለብቻዬ ሰጥተውኛል። ደስታዬን መቻል አቅቶኝ ቀኑን ሙሉ ስንጎራደድ ዋልኩ። የቀረው ድጎማዬን ወደዚያ ማዛወር ነበር። ለዚህም የድጎማ ቢሮ ሠራተኛዋ፣ ኦቲዝም ስላለብኝ ምን እርዳታ እንደሚያስፈልገኝ ልትጠይቅ ቤት ድረስ መጣች።

አንቺ በስልክ «እማዬ የምታደርግልህን አንድም ሳታስቀር ንገራት፤ አለዚያ ይቆርጡብሃል» ብለሽ መክረሽኝ ነበር። ተዘጋጅቼም ነበር። ሠራተኛዋ ግን «ጠዋት ጠዋት አንተና እናትህ ምን ታደርጋላችሁ?» ብላ ጠየቀች። የጠየቀችውን መለስኩ። መጀመሪያ ምድጃውን አያለሁ፤ አንዳንዴ ሳይጠፋ ያድራልና። እማዬ ቀሚሷን ገልብጣ ለብሳ እንደሆነ አስተካክልላታለሁ፤ መድኃኒቷን እስክትውጥ አጠገቧ እቆማለሁ። ገበያ ስትወጣ ከኋላዋ እሄዳለሁ፤ ባለፈው የጎረቤት በር ላይ በእኛ ቤት ቁልፍ ስትታገል ነው ያገኘኋት።

እማዬ ሳቀችና «አንተን ምስክር የጠራ ወዮለት! አትስሚው ልጄ፣ ቀልዱን ነው» አለቻት። ቀልድ እንደማይሆንልኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ሠራተኛዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «አንተ ስትሄድስ?» አለችኝ። ተነስቼ ምድጃውን እንደገና አየሁ። ድጎማው ይዛወርልሃል ብላኝ ሄደች።

ቅር እንዳይልሽ። ስትደውዪ የምትጠይቂኝ ስለ እኔ ነው፤ ስለ እሷ ጠይቀሽኝ ቢሆን እነግርሽ ነበር። እማዬም ስልኩን ተቀብላ «ሁሉ ሰላም ነው» ትልሻለች፤ ሰላም ይመስላታል።

ትምህርቱን እፈልገዋለሁ፤ በዕድሜዬ እንዲህ የፈለግኩት ነገር የለም። እሷንም ጥዬ መሄድ አልችልም። ፈርቻለሁ እትዬ። ትምህርት ሳይጀመር ነይና እንመካከር። በስልክ አይሆንም፤ ጥቂት ቀን ከእሷ ጋር ውለሽ እደሪ።

ፈጣሪ ቤትሽን ይባርክ፣ ልጆችሽን ያሳድግልሽ፣ መንገድሽን ያቅናልሽ። እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣለች። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለታላቅ እህቴ አልኳት። «ጎሽ፣ እናት ካለቻት ለእናቷም ሰላም በልልኝ» አለችኝ።

ታናሽ ወንድምሽ