ካሜራው ያየው እጅ

ጥላዬ፣ እንዴት ከርመሃል? ተማሪዎቼ የባሕሩን ፍጥረት ሊያጠኑ ከውኃ በታች ድንጋይ ላይ ያሰሩትን ካሜራ፣ እዚህ ጄጁ ደሴት ባሕር እየጠለቁ የሚተዳደሩት እማማ ሱኖክ ቆሻሻ መስሏቸው በመረባቸው አወጡት። «ባሕሩ እንደሆነ ሞቷል፤ ሬሳ ልትቀርጹ ነው?» ብለው ጮኹብን።

ቪዲዮውን ከፈትነው። ካሜራውን ከማንሳታቸው በፊት አንዲት የባሕር ቀንድ አውጣ ያዙ፤ በአውራ ጣታቸው ለኳት፤ ትንሽ ብትሆንባቸው መልሰው ከድንጋዩ ሥር ሸጎጧት። እኔና አንተ ሐዋሳ ላይ ጣት የምታህል አሣ ሳይቀር ስንጠብስ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

ሶዳም የምትባል የሦስተኛ ክፍል ተማሪ «እማማ፣ ባሕሩ ከሞተ ለማን ብለው ተዉአት?» አለቻቸው።

ዛሬ ራሳቸው ጠልቀው ካሜራውን አሰሩትና «ወደ ትንንሾቹ አዙሬዋለሁ፤ ቁጠሩ!» አሉን።

የምጽፍበት ፖስት ካርድ ሞላ፤ እትዬ አስናቀችን ሳምልኝ። ትንንሾቹን ስንቆጥር አርባ አንድ ደርሰናል።

ያንተው ገዛኸኝ