ለአባትሽ በመስታወት በኩል የነገርኩት

ሺዋን መንደር፣ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 2019

ልጄ ዋንቹ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ሜልቦርን ብርዱ ገባ ወይ? እኔ ጉልበቴን ትንሽ ከሚያመኝ በስተቀር ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በፖስታ መላኩን ትቼ ወዳንቺ አገር በሚመጣው በመምህር ሊያንግ ልጅ እጅ የላክሁበት ምክንያት ይገባሻል፤ ፖስታችን ይከፈታል።

ወንዙ ዳር ያለው የባትሪ ፋብሪካ ተዘጋ! እውነቴን ነው፣ ተዘጋ።

አባትሽ የመንደሩን ልጆች ደም አስመርምሮ መርዙ ከየት እንደሚመጣ ለወላጆቻቸው ሲናገር፣ ከዚያም "ሕዝብ አሳመፅህ" ተብሎ ሲፈረድበት፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ዘግቶብን እንደነበር አትረሺውም። አንቺም "የሌላ ሰው ልጅ ከራሱ ልጅ በለጠበት" ብለሽ ሄድሽ። አልፈረድኩብሽም።

ያኔ እኛን ስታይ መንገድ የምትቀይረው የአኩሪ አተር ቶፉ ሻጯ እትዬ ፌንግ ትዝ ትልሻለች? ባለፈው መኸር የልጅ ልጇ ደም ውስጥ መርዝ ተገኘ። ቤቴ መጥታ ዱቅ አለችና "ሱጄን፣ ባልሽ ያኔ ምን ነበር ያለን? አንድም ሳታስቀሪ ንገሪኝ" አለችኝ። ነገርኳት። ወላጆቹ ተሰብስበው ፋብሪካውን ከሰሱ። የሚደፍር ጠበቃ ስለጠፋ ራሷ ፌንግ ዳኛ ፊት ቆመች። የፋብሪካው ጠበቃ "አንቺ ደግሞ ማንን ወክለሽ ነው?" ቢላት፣

"የልጅ ልጄን። አንተስ? ጭሱን?" አለችው።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። በመጨረሻ ተፈረደልን! አሁን ብርድ ልብስ ደጅ አስጥተን ጥላሸት ሳይነካው እናስገባለን።

ትናንት አባትሽን ልጠይቅ እስር ቤት ሄድኩ። ጠባቂው "ስለ ቤተሰብና ስለ ጎረቤት ብቻ!" ብሎ አስጠነቀቀን። ስልኩን አንስቼ በመስታወቱ እያየሁት፣

"ዌይሚን፣ ያ ወንዙ ዳር ያለው ጎረቤታችን ማጨስ አቆመ" አልኩት።

"የትኛው?"

"ረጅሙ ነዋ! ቀን ከሌት የሚያጨሰው።"

ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ከዚያ ዓይኑ ሲበራ አየሁ። "በሐኪም ትዕዛዝ?"

"አዎ። እትዬ ፌንግ እየጎተተች ሐኪሙ ፊት አቀረበችው። መንደሩም አብሯት ነበር።"

"ፌንግ?! ያቺ ፈሪ?" ብሎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጠባቂው እየሮጠ መጣ።

"ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?"

"ጎረቤታችን ማጨስ ትቶ ነው፣ ጓድ" አልኩት።

"ይሄ ምኑ ያስቃል?"

"በሳል ጨርሶን ነበር እኮ" አለው አባትሽ።

ሰዓቱ ሲያልቅ ስላንቺ ጠየቀኝ። "ሥራ በዝቶባት ነው" አልኩት። "አትዋሺ ሱጄን፣ ተቆጥታኛለች። እውነቷን ነው፤ እኔም በሷ ቦታ ብሆን እቆጣ ነበር። ግን ደግሜ ብጠየቅ ያንኑ አደርጋለሁ፣ እሱንም ንገሪያት" አለኝ።

ስመለስ መንደሩ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ልጆቹን ይዞ ቆሞ ጠበቀኝ። "ምን አለ? ምን አለ?" ሲሉኝ "ሳቀ!" አልኳቸው። ፌንግ ለበዓል ያስቀመጠችውን ርችት በሙሉ አምጥታ ለኮሰችው። በሕይወቴ እንደ ትናንት ኮርቼ አላውቅም።

ልጄ፣ ቁጣሽን ለኔ አትጻፊ፣ ለራሱ ጻፊለት። ይመልስልሻል። ጽሕፈቱ እንደ ትንሽ ልጅ ተወላግዶ ብታገኚው ግን አትደንግጪ፤ አሁን በግራ እጁ መጻፍ ለምዷል።

መንገድሽ ይቅና፣ ቤትሽ ሰላም አይጣ።

የምትወድሽ እናትሽ፣
ታን ሱጄን