የመጨረሻው ዲኪያራሲዮኔሽ

አስካልዬ፣ የቤቴ እመቤት፣

ከተለየሽኝ አንድ ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ፤ አሁንም በትንሹ እነጫነጫለሁ፣ አሁንም ወጥ ላይ ጨው አበዛለሁ። ልጃችን ሕይወት ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣች ፍሪጁን እንደ ፖሊስ ትፈትሽልኛለች። በረንዳው ላይ ያለው ባዚሊኮሽ፣ ያ በሶብላሽ፣ ደርቆብኝ ነበር። አዲስ ገዝቼ ተክያለሁ፣ አትቆጪኝ።

ዛሬ የምጽፍልሽ ስለ ዲኪያራሲዮኔ፣ ስለዚያ የግብር ማስታወቂያ ነው። አትሳቂ! እዚህ ጣሊያን ሀገር ሰው ሞቶም ገቢውን ያሳውቃል። ባረፍሽበት ዓመት የተቀበልሽው ጡረታ በስምሽ መቅረብ አለበት፣ ወራሽሽ ይፈርምልሻል አሉን። በየዓመቱ ካፍ፣ ያ ግብር የሚያስሞላው ቢሮ ሄደሽ፣ ተሰልፈሽ፣ የኔንም ያንቺንም የግብር ወረቀት የምታስሞይው አንቺ ነበርሽ። እኔ እኮ ፖስታ እንኳ አልከፍትም። አንቺ ካረፍሽ ወዲህ የመጣውን ሁሉ እንደታሸገ ሸሚዞቼ መሳቢያ ውስጥ ስከት ከረምኩ።

ይቺን የመጨረሻዋን ግን እኔ ራሴ ልፈርምልሽ ቆረጥኩ። ክራቫት አሰርኩ። ሕይወት ፖስታዎቹን በፌስታል አንጠልጥላ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለው ካፍ ሄድን። የምታስተናግደን ሴትዮ ስምሽን ኮምፒውተሩ ላይ ጻፈችና፣ እርስዎ ምኗ ነዎት አለችኝ። ባሏ ነኝ አልኳት፣ ደረቴን ነፍቼ። ሲኞራዋ እኮ ኑቢሌ ናት አለችኝ። ያላገባች ማለቷ ነው፣ አስካልዬ። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ትራስ ተኝተን፣ ያላገባች!

ጥፋቱ የኔ ነው። ተክሊል ደፍተን፣ ቆርበን ከቤተ ክርስቲያን የወጣን ዕለት፣ ነገ ኮሙኔ፣ ማዘጋጃ ቤት ሄደን ጋብቻችንን እናስመዝግብ ብለሽኝ ነበር። ከወር በኋላም አልሽኝ። ሕይወት ስትወለድም ደገምሽው፤ በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል ብለሽ ተረትሽብኝ። እኔ ደረቁ፣ እግዚአብሔር ያጣመረውን የጣሊያን ማኅተም ምን ይጨምርለታል፣ ሰው ስንቴ ያገባል ብዬ አሾፍኩብሽ። ከዚያ በኋላ አላነሳሽውም። ዝም ስትይ ያሸነፍኩሽ መስሎኝ ነበር፣ ሞኙ።

ሴትዮዋ ክፉ ሰው አይደለችም። ወራሿ ልጅቷ ስለሆነች እሷ ትፈርም አለች። ወንበሬን ወደ ኋላ ሳብ አድርጌ እንደ አጃቢ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልንገርሽ፣ የቀብርሽ ቀን እንኳ እንደዚያ አልተሰማኝም። ያን ቀን ሰው ሁሉ ባሏ ነው፣ ያዙት፣ ደግፉት ይል ነበር።

ከጡረታዋ ሌላ የምትቀበለው ነበር ወይ ብላ ስትጠይቅ፣ ሕይወት ሬንዲታሽን አስታወሰች። ያቺን ሽማግሌዎች እያስታመምሽ ከደሞዝሽ እየቆነጠርሽ ያጠራቀምሽላትን፣ ካረጀሽ በኋላ በየወሩ የምትከፈልሽን አበል። የኩባንያው ደብዳቤ ከፖስታዎቹ መሀል ተገኘ፤ ዓመት ሙሉ ሸሚዞቼ ሥር ተኝቷል። ሴትዮዋ አነበበችው፣ መልሳ አነበበችው። ከዚያ፣ እስካረፈችበት ቀን የተከፈላት በሷ ስም ይገባል፣ ከዚያ ወዲህ ያለው ግን የሲኞሬው ነው፣ በራሳቸው ስም ያሳውቁታል አለች።

ሲኞሬው እኔ ነኝ። ካንቺ በኋላ ለኔ እንዲቀጥል አድርገሽ ኖሯል፣ አንድ ቀን እንኳ ሳትነግሪኝ! አንቺ የሞላሽው ቅጽ ኮፒው ከደብዳቤው ጋር ተያይዟል። ሕይወት በጣቷ አሳየችኝ። ስሜ አለ። ከስሜ ጎን፣ ዝምድና በሚለው ቦታ፣ በዚያ ወደ ጎን በሚጋደም ጽሕፈትሽ፣ ማሪቶ ብለሻል። ባሌ ነው ብለሻል። እኔ በግትርነቴ ያስቀረሁብሽን አንቺ ብቻሽን ጻፍሽው።

አለቀስኩ፣ አስካልዬ። ተሰልፎ ተራውን የሚጠብቀው ሁሉ እያየኝ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቅኩ። ሕይወት አባዬ በቃ፣ አባዬ በቃ ስትል እሷም ባሰባት። ሴትዮዋ ሥራዋን ትታ ውኃ አመጣችልን። ብታዪን ኖሮ፣ ወይ የናንተ ነገር፣ ሰው ፊት አዋረዳችሁኝ ትይን ነበር።

ያንቺን ወረቀት ሕይወት ፈረመችልሽ። ቤት ገብቼ የቀሩትን ፖስታዎች አንድ በአንድ ከፈትኳቸው፣ እስከ መብራት ሂሳቡ ድረስ። እነዚያን ሦስት ጊዜዎች፣ ኮሙኔ እንሂድ ያልሽኝን፣ አልረሳቸውም፤ ይቅር በይኝ። ከእንግዲህ ዕድሜ እስከሰጠኝ ድረስ በየዓመቱ ክራቫቴን አስሬ እሄዳለሁ፣ ያቺን የሬንዲታ መስመር እኔው አስሞላለሁ። ይሄ ገቢ ከየት መጣልዎት ብለው ሲጠይቁኝ፣ ከሚስቴ እላለሁ። ጮክ ብዬ፣ ተሰልፎ የቆመው ሁሉ እየሰማኝ።

ባልሽ፣ መኮንን