ያንተ ያልነበረው ጎሜ

አባዬ፣ የኔ አባት፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። እማዬ መንደራችንን ካምባን ትታ ከተማ ሲቀላ እኔ ዘንድ ገብታለች። ሙቀቱን ስትራገም ትውላለች፤ ገበያ ላይ ግን ማንም አይቀድማትም። ጋቢህን ለማንም አልሰጠችም፤ እኔም አልጠየቅኋት።

ሰው ለአንድ ሕመም ሆስፒታል ተኝቶ እዚያው ሌላ ኢንፌክሽን እንደሚይዘው ካንተ በላይ ማን ያውቃል? ይህን የሚቆጥር አገር አቀፍ ጥናት መጣና፣ ነርስ በሆንኩባት ትንሿ ሆስፒታል አስተባባሪዋ እኔ ሆንኩ። ደብተሯን በየሜዳው የምትጥለው ልጅህ የአገር ቅጽ ተረከበች ብለህ በሳቅክብኝ!

ዝግጅቱ ወራት ፈጀ። አልጋዎቹን ቁጥር ሰጠናቸው፤ ነርሶቹን አሠለጠንኩ። በተወሰነው ቀን የተኛውን በሽተኛ ሁሉ እያየን፣ ቁስሉ የመገለው ከቤቱ ይዞት መጥቶ ነው ወይስ እኛ ዘንድ ብለን እንሞላለን። በዋዜማው ግን ነርሶቹ ቁስላቸው ያመረቀዘባቸውን ሦስት ሰዎች ወደ ቤት ሊሸኙ ወረቀት ማዘጋጀታቸውን ደረስኩበት። እንግዳ ሲመጣ ቤት እንደሚጠረገው መሆኑ ነው። ልቆጣቸው አልቻልኩም፤ እኔም ደብቄያለሁና።

አባዬ፣ የቡአ ኦፕራሲዮንህ እዚሁ እኛ ሆስፒታል በደህና አልቆ በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ጎሜ ነው አልክ፤ የተደበቀ በደል ሰውን ያሳምማል፣ ካልተናዘዙት አይለቅም ብለህ። ዘመዶችን አልጋህ ዙሪያ ሰብስበህ፣ በጎልማሳነትህ የጎረቤትህን ድንበር አንድ ክንድ መግፋትህን እያለቀስክ ተናገርክ። እኔ እግርጌህ ቆሜ ነበር። ጎንህ የተኛውን በሽተኛ መግል የጠረግኩበትን መቆንጠጫ ሳልቀቅል ያንተን ቁስል እንዳጠብኩበት አውቅ ነበር። ዝም አልኩ። አንተም ይቅርታ እንደለመንክ አረፍክ።

ነርሶቹን ሰብስቤ ይህንኑ ነገርኳቸው። አንጋፋዋ፣ ያኔ አንሶላህን ትቀይርልህ የነበረችው፣ የመሸኛ ወረቀቶቹን ራሷ ቀደደቻቸው። በማግስቱ ሦስቱም በየአልጋቸው ተቆጠሩ፤ እኛ ዘንድ የሚለው ላይ ምልክት ያደረግኩት እኔ ነኝ።

ቅጹ የሚጠይቀው በዚያ ቀን ስለተኙት ብቻ ነው፤ አንተ የለህበትም። እኔ ግን በሕይወት እስካለሁ አስብሃለሁ፤ ማሰብ ብቻውን እንደማይበቃም ገብቶኛል። በመጪው ቅዳሜ እማዬን ይዤ ካምባ እወጣለሁ። ኑዛዜህን የሰሙት ዘመዶች ፊት ቆሜ፣ በደሉ ያንተ ሳይሆን የእኔ እንደነበር እናገራለሁ።

እማዬ ገና አልሰማችም። አይዞሽ በለኝ፣ አባዬ።