ሥሯ የተቆረጠ ጋርዴኒያ

ለዋርሳዬ፤

ሽሮ ይዘሽ መጥተሽ እርግማን ጥለሽ ከሄድሽበት ቀን ወዲህ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ? የእኔን ስልክ ብሎክ ያደረግሽባት ጣትሽስ ደህና ናት? እኔ፣ አንቺ እንደተመኘሽልኝ ሳይሆን፣ ለአምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ ሰው አበሽቃለሁ።

ወረቀትና ብዕር ስፈልግ ገሊላ አይታኝ፣ "አባባ፣ ቴክስት አታደርጋትም እንዴ? አሁን ማን ደብዳቤ ይጽፋል?" አለችኝ። ብሎክ መደረጌን ስነግራት የልጅ ልጄ መሆኗን እስክጠራጠር ድረስ ሳቀችብኝ። በሰማንያ ዓመቴ ብሎክ ያደረገችኝ የመጀመሪያዋ ሴት አንቺ ነሽ፤ ክብሩ ይድረስሽ።

ደግሞ ሽማግሌ ላክሽብኝ! ሰው ለጋብቻ ሽማግሌ ይልካል፣ ለደም ሽማግሌ ይልካል፤ አንቺ ለአበባ ማሰሮ ላክሽ። አቶ ገብረሕይወትና አቶ ክፍሌ ክራቫት አንቋቸው እኔ ቤት፣ ኖርክሮስ ድረስ መጡ። መኪናቸውን የጎረቤቴ ድራይቭዌይ ላይ ፓርክ አድርገው ገና ሳይቀመጡ ክስሽን አነበነቡልኝ፦ እህቷ ስትሞት የተወችለትን ጋርዴኒያ ሥሯን ቆርጦ ገድሏታል፣ የቀረውን ያስረክባት ብላለች አሉኝ። ሟቿ አበባ ጓሮ ናት፣ ሄዳችሁ ጠይቋት አልኳቸው። ሄዱ። አቶ ክፍሌ በሽተኛ እንደሚጠይቅ ሰው ጎንበስ ብሎ ቅጠሏን ዳሰሰና "እግዜር ይማርሽ" አላት። ከዚያ ያቀረብኩላቸውን ሁሉ በልተው ፈረዱ፦ እስከ ዳግም ትንሣኤ ካላቆጠቆጠች ማሰሮዋን ለአንቺ ላስረክብ፤ ካቆጠቆጠች ግን አንቺ ያንን ቃልሽን ከላዬ ልታነሺ።

ያንን ቃል ታውቂዋለሽ። እኔም አውቀዋለሁ።

አንቺ የዚያን ቀን ነገር ለማኅበሩ ሁሉ እንደፈለግሽ ስላወራሽው እኔ እንደነበረው ላውራው። ብርዱ ወጥቶ የጥዱ ቢጫ ብናኝ መኪናውን ሁሉ ማልበስ ሲጀምር፣ አበባዋ ቡቃያ ሳታወጣ ልቅደማት ብዬ ጓሮ ደረጃው ላይ ላስቲክ አነጠፍኩ። ማሰሮዋን አጋድሜ ጎተትኳት። ብታዪያት! አፈር የሚባል ነገር የላትም። ሥሯ ዙሪያውን ሲጠመጠም፣ ችካል ላይ እንደታሰረች ፍየል ገመዷን በራሷ ላይ ጨርሳዋለች። የዳቦ ቢላዋውን አነሳሁ። ከታች አንድ መዳፍ ያህል ቆርጬ ጣልኩ፣ ጎኗን ላጥኩ፣ የተቋጠረውን ከላይ ወደ ታች ሰነጠቅሁ። አዲስ አፈር አድርጌ እዚያው ማሰሮዋ ውስጥ ልመልሳት ስል አንቺ በጓሮ በር ገባሽ።

እኔ ቢላዋ በእጄ፤ ሥሩ ላስቲኩ ላይ ተበትኖ። ጩኸትሽን ሰምቶ የጎረቤቴ ውሻ እስከ ዛሬ በእኔ አጥር በኩል አያልፍም። ካወቅሽኝ ጀምሮ እርስዎ ስትዪኝ ኖረሽ የዚያን ቀን "አንተ" አልሽኝ። በሱ አልተቀየምኩም፤ እንዲያውም ወጣት አደረገኝ። ግን "እህቴንም እንዲሁ ቢላዋ ሥር አስገብተህ ነው የጨረስካት" አልሽ። አልሽና የሽሮውን ሳህን ለቀቅሽው፣ ሄድሽ። ሳህኑ አልተሰበረም። እኔ ጋ ቀርቷል፣ አልመልሰውም። ሽሮሽ ደግሞ ጨው በዝቶበት ነበር፤ ከላይ ከላዩ ቀምሼዋለሁ።

እህትሽ ስትታመም አንቺ ጸበል ትጠመቅ አልሽ፤ ኦፕራሲዮን ሆነ፤ እህትሽ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። ይኸው ነው። ከቀብሯ ጀምሮ በዚህ ስትወጊኝ መልስ አልሰጠሁሽም፣ ዛሬም አልሰጥም። ስለ አበባዋ ብቻ ልንገርሽ።

ይህን ሥር መቁረጥ ማን ያስተማረኝ ይመስልሻል? እኔና እህትሽ ቡፎርድ ሃይዌይ አፓርታማ ሳለን፣ እነዚህ ሁለቱ ጋርዴኒያዎች በረንዳው ላይ ነበሩ፤ አንዱን አንቺ፣ አንዱን እኔ የወረስናቸው። በየጥቂት ዓመቱ፣ ጸደይ ሲገባ፣ እህትሽ በሩን ቆልፍ ትለኝ ነበር። አንቺ ከመጣሽ የለችም በል ትለኛለች። አንቺ ቢላዋ ሲነሳ ማየት አትችዪማ! ቆርጣ፣ አፈር ቀይራ፣ እስክታቆጠቁጥ ድረስ መኝታ ቤት ትደብቃቸዋለች። ሲያብቡ ታወጣቸዋለች፤ አንቺም እጇን እየሳምሽ "የእህቴ እጅ ለምለም ነው" ትያለሽ። አንድ ጊዜ የተቆረጠውን ሥር ቆሻሻ ውስጥ አየሽው። እሷ ምን አለች? "እሱ ነው!" ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። ትዝ ይልሽ እንደሆነ እስከ ሰኔ አኮረፍሽኝ። ከሄድሽ በኋላ ሆዷን ይዛ ስቃ፣ "አንተ ጀርባህ ሰፊ ነው። እኔን ከምትቆጣ አንተን ትቆጣ፤ እኔ ከሷ ሌላ እህት የለኝም" አለችኝ።

ይኸው ሥራዬ ይህ ነበር። ደመወዝ የለውም፣ ጡረታ የለውም። እስካሁንም አልለቀቅሁም።

አሁን ወደ ፍርዱ። አቆጥቁጣለች! በየቅርንጫፏ ጫፍ የሚያብረቀርቅ ቅጠል፣ እንቡጥም ይዛለች። ሽማግሌዎችሽ መጥተው አይተዋል፣ በልተዋልም። አቶ ክፍሌ እልል ሊል ምንም አልቀረው። ተረታሽ፣ ዋርሳዬ።

ይህን ለመዝፈን ነበር ገሊላን ነድታ ኖርዝ ድሩይድ ሂልስ እንድታደርሰኝ ያስቸገርኳት። አዎ፣ በርሽ ድረስ መጥቼ ነበር፤ አንቺ ቤተ ክርስቲያን ነበርሽ። ያንቺን ጋርዴኒያ አየኋት። ቅጠሏ ቢጫ፣ እንቡጧ ሳይፈታ እየረገፈ፣ ሥሯ በማሰሮዋ ቂጥ ወጥቶ ሲሚንቶ ይልሳል። አጠገቧ የጸበል ጠርሙስ አስቀምጠሻል። እያጠጣሻት ነው፣ አውቃለሁ። እኔም ከጠርሙሱ ትንሽ አፈሰስኩላት፤ አልጠጣችውም፣ ከላይ እንደገባ ከታች ወጣ። ጸበሉ ኃይል አጥቶ አይደለም፣ የሚቀመጥበት አፈር አጥቶ ነው።

ልስቅብሽ መጥቼ አልሳቅሁም። ገሊላም መንገዱን ሙሉ አሞህ ነው ወይ ስትለኝ ነበር። የዚህ አገር ሙቀት ከመግባቱ በፊት ካልተቆረጠች እህትሽን ሁለተኛ ጊዜ ነው የምንቀብራት፤ አሁን ደግሞ በአንቺ ደጅ።

ስለዚህ ቃልሽን ከላዬ አታንሺ። አፍሽ ውስጥ ይቀመጥልሽ፤ ቦታ ሞልቶታል። ቅዳሜ ጠዋት አፈርና የዳቦ ቢላዋ ይዤ እመጣለሁ። በር ካልከፈትሽ ደረጃሽ ላይ ተቀምጬ የልጅነት ቅጽል ስምሽን ለሚያልፈው ሁሉ እናገራለሁ። ማሰሮዋን እኔ አቅፌ እይዛለሁ። ቢላዋውን ግን አንቺ ነሽ የምትይዢው። አይዞሽ፣ እሷም የጀመረችው እየፈራች ነው። ቆርጠሽ ስትጨርሺ፣ ሰው መጥቶ ማን ነው ይህን ያደረገ ብሎ ቢጮህብሽ፣ ወደ እኔ ጠቁሚ። እሱ ነው በዪ። ለምጄዋለሁ።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽና፣ ለስግደት እንጂ ለእርግጫ አያውለው። ከክፉ ጎረቤትና ከጨው ብዛት ይጠብቅሽ። ዕድሜ ይስጥሽ፤ ማን ይቆጣኛል አለዚያ?

ጀርባው ሰፊው
የእህትሽ ባል